«የእኛው» የተባለው አውቶቡስ

ዘርፈሽዋል ቅቤ ነጋዴ ነበረች። በአሰበ ተፈሪ ገበያ ቅቤ አሽትቶ ከየት እንደመጣ የሚናገር ሰው ከተፈለገ ከእሷ ሌላ አይጠራም። የቦኬውን ከመሰላው፣ ለጋውን ከከረመው፣ ድንች ተቀቅሎ የተለወሰበትን ከንጹሑ ለመለየት ጣቷን እንኳ አታስነካም፤ ኮባውን ገለጥ አድርጋ አፍንጫዋን ማስጠጋት ይበቃታል። «ይኼ ድንች ነው፤ ወጥ ሥሪበት» ብላ የመለሰቻት ሻጭ ሁለተኛ አታታልላትም። ሰውን ግን እንደ ቅቤ ማሽተት አልቻለችም። ራሷንም ጭምር።

ባሏ ሃምሳ አለቃ በለጠ ፖሊስ ነበር፤ በ1943 ዓ.ም. ቆላ ወርዶ በያዘው ወባ ሞተ። የተወላት በመንገድ ዳር ያለች ባለሁለት ክፍል የጭቃ ቤት፣ በጓሮ የተከላቸውን ሠላሳ ባሕር ዛፎችና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃቸውን ሙሉወርቅን ነው። የሟች ባሏን አበል ለማስፈጸም ሁለት ጊዜ ሐረር ተመላለሰች። «ነገ ነይ» አሏት። ነገ ሄደች። «ነገ ነይ» አሏት። ተወችውና ቅቤ ጀመረች። ከገጠር ከሚመጡት ሴቶች ጋር በኦሮምኛ እየተከራከረች ትገዛለች፤ በላምባ ቆርቆሮ ትጠቀጥቃለች፤ በአህያ ጭና ቆላው ሳይግል ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ታደርሳለች። ከዚያ የድሬዳዋ ነጋዴዎች ይረከቧታል። ልጇን ያሳደገችው በዚህ ነው፤ ማንም አልረዳትም።

ሙሉወርቅ በአሥራ ስምንት ዓመቷ ለነጋሽ ተዳረች። ነጋሽ በቦኬ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነው፤ ዝምተኛ፣ የማይጠጣ ሰው። ባሉ አይነቀፍም፤ የሚነቀፈው መንገዱ ነበር። ያን ጊዜ ከአሰበ ተፈሪ ቦኬ በበቅሎ ሁለት ቀን ነው። ሙሉወርቅ የመጀመሪያ ልጇን ስታምጥ ሰው ሮጦ ለእናቷ ነገረ፤ እናት ስትደርስ ሕፃኑ ከተቀበረ ውሎ አድሯል። በሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። ዘርፈሽዋል ሁለት የልጅ ልጆች ነበሯት፤ የአንዳቸውንም ፊት አላየችም።

እንግዲህ አውቶቡስ የመጣ ዕለት እልል ብትል ማን ይፈርድባታል?

የመጣው በ1951 ዓ.ም. ነው። ግራዝማች ኃይለየሱስ የተባሉ ባለመሬት የከተማውን ሰው ሰብስበው «የጨርጨር ሕዝብ ማመላለሻ አክሲዮን ማኅበር» የሚባል ነገር አቋቋሙ። አንዱ አክሲዮን ሃምሳ ብር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ!» አሉ፤ ተጨበጨበላቸው። ባለመሬቱ ገዛ፣ ጫት ነጋዴው ገዛ፣ የመሰላ ባለሱቆች ሳይቀሩ ገዙ። ከድሬዳዋ አረንጓዴ አውቶቡስ መጣ፤ ያገለገለ ነው፣ ግን ቀለም ተቀብቷል። በየቀኑ ሚኤሶ ወርዶ የባቡር መንገደኛ ይቀበላል፤ ሐሙስ ሐሙስ ቦኬ ገበያ ደርሶ ይመለሳል። ባለአክሲዮኖቹ «የማነው?» ሲባሉ «የእኛው ነው» እያሉ ስሙ በዚያው «የእኛው» ሆኖ ቀረ። «የእኛው መጣ፣ የእኛው አለፈ» ይላል ሰው።

ዘርፈሽዋል በመጀመሪያው ሽያጭ አልገዛችም፤ የላትም። እንደማንኛውም መንገደኛ ሦስት ብሯን እየከፈለች በየወሩ ቦኬ ትሄዳለች፤ ልጇን ታያለች፤ ቅቤዋን ጭና ትመለሳለች። ልብ በሉ፦ ሦስት ዓመት ሙሉ ከፍላለች።

በ1954 ጥቅምት ግራዝማች ራሳቸው በሯ ድረስ መጡ። በእጃቸው ከዘራ፣ ከኋላቸው ጫት ነጋዴው አብዱረዛቅ። አብዱረዛቅ ስምንት አክሲዮን አለው፤ ከዘርፈሽዋል ጋር በገበያ ጎን ለጎን አሥር ዓመት የቆዩ፣ ሲሰዳደቡ የሚውሉ ጓደኛሞች ናቸው።

«ወይዘሮ ዘርፈሽዋል፣ ማኅበሩ ታሟል» አሉ ግራዝማች። «አዲስ አክሲዮን ካልተሸጠ ጎማ የለም። ጎማ ከሌለ የቦኬው መስመር ከመጪው ወር ይዘጋል።»

«ለምን ይታመማል?» አለች። «እኔ በሄድኩ ቁጥር መቆሚያ የለም። ሰው በሰው ላይ ነው። እንዲህ የሞላ መኪና እንዴት ይከስራል?»

«ናፍጣው ተወደደ።»

ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቃ ነበር! በዚያ ከተማ ውስጥ ያን ጥያቄ የጠየቀች እሷ ብቻ ናት። ነገር ግን መልሱን እንደ ቅቤ አላሸተተችውም። ሐሳቧ «ቦኬ ይዘጋል» የሚለው ላይ ቀርቷል።

«ኧረ ግዢ ዘርፌ» አለ አብዱረዛቅ። «ቅቤሽ እንደሆነ ፀሐይ ባየ ቁጥር ይቀልጣል። አክሲዮን አይቀልጥም።»

«አንተ ጫትህ ሲጠወልግ ነው ስለ ቅቤ የምታወራው?»

«ወላሂ፣ የልጅ መንገድ ነው። እኔ ቦኬ ሴት ልጅ ቢኖረኝ ሚስቴንም ሸጬ እገዛ ነበር።»

«እሷን ማን ይገዛሃል?»

ሳቁ። ግራዝማችም ሳቁ። በሳቁ መካከል ዘርፈሽዋል «ስድስት» አለች።

በማግሥቱ ሠላሳውን ባሕር ዛፍ ለቤት ሠሪ ሸጠችው። ሲቆረጥ ቀኑን ሙሉ ደጃፍ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች፤ የሃምሳ አለቃ በለጠ እጅ የተከለው ነው። የጎደለውን ከቅቤ መነገጃዋ ሞላች። በምትኩ የአውቶቡስ ሥዕልና ክብ ማኅተም ያለበት አረንጓዴ ወረቀት ሰጧት። አጥፋ አጥፋ በመቀነቷ ቋጠረችው።

በመጀመሪያው ሐሙስ ቦኬ ለመሄድ ስትሳፈር ሾፌሩ ቡሽራ በር ላይ ቆሟል። ቲኬት የሚቆርጠውም እሱ ነው፤ ማኅበሩ ረዳት መቅጠር ካቆመ ቆይቷል።

«እትዬ ዘርፌ፣ ሦስት ብር።»

መቀነቷን ፈታች። ቡሽራ ብር ይጠብቃል፤ አረንጓዴው ወረቀት ወጣ።

«ኢና ሊላሂ!» አለ። «እርስዎም ገዙ?»

«ሰው እንደሞተ ነው እንዴ የምትለው? ምን ማለትህ ነው?»

«አንዲት ከፋይ ሞተችብኝ ማለቴ ነው። ያለፈው ሐሙስ አርባ ሰው ጭኜ የከፈሉኝ ዘጠኝ ናቸው። አሁን ስምንት ቀሩ።»

«የራሴን መኪና ከፍዬ ልሳፈር? አንተ ቤትህ ስትገባ ኪራይ ትከፍላለህ?»

«እኔ ቤት የለኝም እትዬ። የምኖረው በኪራይ ነው።»

ተሳፋሪው ሳቀ። እሷም ሳቀችና ከፊተኛው ወንበር ላይ አንዱን ከፋይ አስነሥታ ተቀመጠች። ያ ሰው ሦስት ብር ከፍሎ እስከ ቦኬ ቆሞ ሄደ። በሚቀጥለው አልመጣም። ለምን ይምጣ?

እንዲህ ነበር የማኅበሩ በሽታ። የናፍጣ ዋጋ አይደለም፤ ባለቤቶቹ ናቸው። የግራዝማች ቡና በጆንያ በጆንያ ጣሪያው ላይ በነጻ ይጫናል። የአብዱረዛቅ ጫት በነጻ ሚኤሶ ይወርዳል። ባለአክሲዮን ራሱ ባይሄድ ወረቀቱን ለአጎቱ ልጅ ያውሰዋል፤ የአጎቱ ልጅ ለሚስቱ ወንድም። በአንድ ወረቀት ሙሽራና ሚዜ ከነአጃቢው ሲሳፈር ታይቷል። ወረቀቱን እንደ ክታብ በቆዳ አሰፍቶ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለም ነበር፤ ቡሽራ ገና እጁን ሲዘረጋ ደረቱን ገልጦ ያሳየዋል። ከፋዩ መንገደኛ ቆሞ መሄድ ሲሰለቸው ሚኤሶ ለመውረድ የጭነት መኪና ላይ መንጠልጠል መረጠ።

እነዚህ ሰዎች ማኅበር የማያውቁ አልነበሩም። ዕቁብ ይጥላሉ፤ ዕድር አላቸው፤ በዕድር የቀረ ይቀጣል፤ ቅጣቱንም ሳያጉረመርም ይከፍላል። እንግዲያ አክሲዮን ሲሆን ምን ነካቸው? እኔ እነግራችኋለሁ። በዚያ አገር «ባለቤት» ሲባል ሰው የሚያውቀው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፦ ባለመሬቱን። ገበሬው ያርሳል፤ ባለመሬቱ ይበላል። ገበሬው ይሰጣል፤ ባለመሬቱ ይቀበላል። ባለቤት ማለት የማይከፍል ማለት ነው። ሃምሳ ብር አውጥቶ ማኅተም ያለበት ወረቀት የያዘ ሁሉ እንደ ጉልት ቆጠረው፤ ሹመት መሰለው። ዕድር ሸክም እንደሆነ ያውቃል፤ አክሲዮን ግን ጌጥ ነው ተብሎ ነው የተሸጠለት። ሃምሳው ሰው ጌጡን አጠለቀ፤ ሎሚውን የሚሸከም ጠፋ።

ዘርፈሽዋልም አጠለቀች። ዕድሜዋን ሙሉ በየደጁ «ነገ ነይ» ስትባል የኖረች ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ «የእኔ» የምትለው ነገር በመንገዱ መካከል ጥሩምባ እየነፋ ሲያልፍ አየች። አልፈርድባትም ልል ነበር። እፈርድባታለሁ። ነጋዴ ሴት ናት፤ ከማይገባበት ጋን እንደማይቀዳ ታውቃለች።

በ1955 ጥር ሙሉወርቅ ለሦስተኛ ጊዜ ነፍሰ ጡር መሆኗ ተሰማ። ዘርፈሽዋል በ«የእኛው» አምጥታ ለአሰበ ተፈሪዋ አዋላጅ አሳየቻት። አዋላጇ ብዙ አትናገርም፦

«ዳሌዋ ጠባብ ነው። በቤት የምትወልድ ከሆነ እሷም አትተርፍም። ስምንተኛው ወር ሲገባ ከሐኪም ቤት አትራቅ። ያን ጊዜ ሳይሆን ከዚያ በፊት ብትመጪ ይሻላል፤ ሰምተሻል?»

ሰምታለች። እናትም ሰምታለች። ነገሩ እንግዲህ አንድ ብቻ ነበር፦ ሙሉወርቅን በጊዜ ከቦኬ አውጥቶ አሰበ ተፈሪ ማስቀመጥ። ለዚህ ነው ባሕር ዛፉ የተቆረጠው። ለዚህ ነው ስድስቱ አክሲዮን የተገዛው።

በሚያዝያ መጨረሻ፣ ሐሙስ ቀን፣ ዘርፈሽዋል ልጇን ልታመጣ ቦኬ ወረደች። ሙሉወርቅ ጓዟን በነጠላ ቋጥራ፣ ሆዷን ይዛ፣ ከነጋሽ ጋር ገበያው ጥግ ቆማ ትጠብቃለች። ዘርፈሽዋል ደግሞ ነጋዴ ናትና ባዶዋን አልተመለሰችም፤ የዚያን ዕለት ቅቤ ርካሽ ነበር፣ አራት ቆርቆሮ ሞላች። ጣሪያው ላይ ፀሐይ ያቀልጠዋል፤ ሁሉንም በመኪናው ውስጥ፣ ከፊተኛው ወንበር አጠገብ ደረደረችው።

ተመልሳ ልጇን ልታሳፍር ስትመጣ መቀመጫ የለም። የአብዱረዛቅ ዘመዶች ከሠርግ ሲመለሱ አሥራ አራት ሆነው በእሱ ወረቀት ተሳፍረዋል። መተላለፊያው ላይ ሰው ቆሟል።

«ወገኖቼ፣ አንድ ወንበር ልቀቁላት፤ ነፍሰ ጡር ናት» አለች።

አንዱ ሽማግሌ ከመስኮቱ ሳይዞር «እኛም ባለቤት ነን እናቴ» አላት። «ዛሬ ልጅሽ፣ ነገ የሌላው ልጅ። ሁሉም ሰው ሰበብ አለው።»

ቡሽራ ሞተሩን አስነሥቶ ነበር፤ አጠፋውና ወረደ።

«እትዬ ዘርፌ፣ ሁለቱን ቆርቆሮ ያውርዱ። ነጋሽ ቤት ይደር። ልጅቱ እዚያ ቦታ ላይ ትቀመጥ፤ እኔ ቀስ ብዬ እነዳለሁ።»

«ቅቤው እስከ ሐሙስ ይበላሻል።»

«ይበላሻ!»

ዘርፈሽዋል ቆርቆሮዎቹን አየች። ከባሕር ዛፉ በኋላ የቀራት መነገጃ እዚያ ውስጥ ነው። ልጇን አየች። ሙሉወርቅ ቆማለች፤ ፊቷ ደህና ነው፤ ፈገግ ትላለች።

«እማዬ፣ ዛሬ ብሄድ ደስ ይለኛል።»

«በዚህ መንገድ ቆርቆሮ ላይ ተቀምጠሽ? ሰው ተደግፎብሽ? ሰባት ቀን ነው እኮ ልጄ። ሐሙስ ከጠዋት የፊተኛውን ወንበር ለብቻሽ አስይዛለሁ። ትራስ አመጣለሁ። ምን ያጣድፍሻል? መኪናው የእናትሽ አይደል!»

ሙሉወርቅ ወደ ባሏ ዞረች። ነጋሽ ለአማቱ አንድ ቀን መልስ ሰጥቶ አያውቅም፤ ጓዙን ከሚስቱ እጅ ተቀበለ። መኪናው ተነሣ። ዘርፈሽዋል ከአራቱ ቆርቆሮዎች አጠገብ ቆማ ወጣች፤ ለራሷም ወንበር አላገኘችም።

ረቡዕ ዕለት «የእኛው» ከሚኤሶ ሲወጣ የኋላ ጎማዎቹ ሁለቱም ፈነዱ። ላስቲኩ አልቆ ሸራቸው ከወጣ ከርሟል፤ ቡሽራ ሁለት ወር ሙሉ ጎማ ሲለምን ነበር። አውቶቡሱ በቆላው ሐሩር መንገድ ዳር ቀረ፤ ሰው በእግሩ ወጣ።

ሐሙስ ጠዋት ዘርፈሽዋል ትራሱን ይዛ ቆማ፣ ወሬውን ሰማች። ቀጥ ብላ ግራዝማች ቤት ሄደች።

«ጎማ ድሬዳዋ አለ» አሉ። «ቅዳሜ ይመጣል።»

ቅዳሜ አልመጣም። «ማክሰኞ» አሉ። ማክሰኞ አልመጣም። በገበያው ውስጥ ከባለአክሲዮን ባለአክሲዮን ሮጠች። «ያለፈውን አንድ ወር የተሳፈርነውን ብቻ እንክፈል! የአንድ ወር ብቻ! ሁለት ጎማ ይገዛል!»

አብዱረዛቅ ጫቱን ውሃ እየረጨ ቀና አለ። እንደ ወትሮው አልቀለደም።

«ዘርፌ፣ ወላሂ እከፍላለሁ። ግን አንቺ ወረቀቱን ከገዛሽ ወዲህ ስንት ቀን ከፈልሽ?»

እጇ ወደ መቀነቷ፣ ወደ ወረቀቱ ሄደ።

«አየሽ? እኔ ብከፍል ግራዝማች አይከፍሉም። ግራዝማች ካልከፈሉ እኔ ሞኝ ነኝ? ጉባኤው ሰኔ ላይ ነው፤ ያኔ እንነጋገር።»

የሰኔ ጉባኤ! የሴት ሆድ የሰኔን ጉባኤ ይጠብቅ ይመስል።

በቅሎ ለምን አልላከችም የሚል አለ። ስምንት ወር የሞላትን ሴት በዚያ ገደል በበቅሎ ሁለት ቀን ማን ይጭናል? ደግሞም በየሁለት ቀኑ «ነገ ይመጣል» ይሏታል። ባለቤት ናትና አመነች። አልፎ አልፎ ወደ ቦኬ ይሄድ የነበረው አንድ የጭነት መኪናም «የእኛው» ከመጣ ወዲህ ሰው ሲያጣ መስመሩን ትቷል። ሁለተኛው ሐሙስ አለፈ። ዝናብ ጣለ።

እሑድ ጠዋት ከቦኬ በእግሩ የመጣ ሰው ደጃፏ ላይ ቆመ። እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። «ምጡ ያለ ጊዜው መጣ» አለ። «ሊያመጧት ተነሥተዋል። በቃሬዛ።»

ከጎረቤት በቅሎ ለመነች። ማንም አልከለከላትም። ቀኑን ሙሉ ተጓዘች፤ ከአንዲት ባልቴት ቤት አደረች፤ ሰኞ ረፋዱ ላይ በአንድ ረጅም ቁልቁለት ግርጌ ቃሬዛውን አየችው። ስምንት ሰዎች ተሸክመዋል፤ ሌሎች ስምንት በጎን እየሮጡ ትከሻ ይቀበላሉ። ሁሉም ገበሬዎች ናቸው። ነጋሽ ከኋላ ነው።

በዚያ አገር በሽተኛ ሲያልፍ ልማዱ እንዲህ ነው፦ የአንዱ መንደር ሰው እስከ ወሰኑ ይሸከምና ይጣራል፤ የሚቀጥለው መንደር ማረሻውን ጥሎ ይመጣል፤ ይቀበላል፤ እስከ ራሱ ወሰን ያደርሳል። ሙሉወርቅ እዚያ እስክትደርስ አሥራ አንድ ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋለች። ከተሸካሚዎቹ ማንነቷን የሚያውቅ አልነበረም። ዘርፈሽዋል ከበቅሎዋ ስትወርድ ጠይቀዋታል፣ በኦሮምኛ፣ «እናቴ፣ የማን ልጅ ናት?» ብለው። ወረቀት የያዘ አልነበረም ከመካከላቸው። ማኅተም ያለው አልነበረም። ጭቃ ለብሰው፣ በባዶ ሆዳቸው፣ የማያውቋትን የሰው ልጅ ተሸክመው ይሮጣሉ። የሃምሳ ሎሚው ተረት የማን እንደሆነ ያን ዕለት የገባው ካለ ይናገር። እኛ ግን ለከተማው ጉባኤ አጨበጨብን።

ቃሬዛውን አወረዱላት። የሙሉወርቅ ከንፈር ነጭ ሆኗል። ጋቢው ከወገቧ በታች ርሷል።

«እማዬ።»

«አለሁ። መጣሁ የኔ ልጅ።»

«መኪናው መጣ?»

ዘርፈሽዋል ወደ ቁልቁለቱ ዞረች። ባዶ መንገድ ነው፤ ዝናብ የቦረቦረው።

«መጣ» አለች። «ከዚያ ማዶ ቆሟል። ጭቃ ስለሆነ ነው ያልወጣው። ቡሽራ እየጠበቀን ነው።»

«ወንበር አለ?»

«ለብቻሽ።»

ሙሉወርቅ ዓይኗን ከደነች። ሰዎቹ አነሧት፤ እናት የቃሬዛውን ጠርዝ ይዛ ሮጠች። ሁለት መንደር አለፉ። ከሁለተኛው ወሰን ላይ ሊቀባበሉ ሲያወርዷት አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጎንበስ ብሎ እጇን ነካ፤ ባርኔጣውን አወለቀ፤ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተቀመጡ።

ዘርፈሽዋል ቀና አለች። ነጋሽን አየችው። እሱም አያት። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ ሰጣት፦

«ሐሙስ ብለውን ነበር» አለ።

ሙሉወርቅ ከነልጇ ቦኬ ተቀበረች። እነዚያው መንደሮች መልሰው አደረሷት።

ማኅበሩ በሰኔ ተሰበሰበ። ጎማው እስከዚያም አልተገዛም። ግራዝማች ስለ ማኅበሩ መከራ ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ስለ ሙሉወርቅ አንድ ቃል አላሉም። ዘርፈሽዋል ከል ለብሳ ከኋላ ተቀምጣለች። እጇን አወጣች፤ ተፈቀደላት፤ ተነሣች። ሁሉም ትጮኻለች ብሎ ጠበቀ። ሰውን አንድ በአንድ አየችና መልሳ ተቀመጠች። ምን ትበል? የምትከሳቸው በሠሩት ነው፤ እሷም ሠርታዋለች።

አውቶቡሱ ለአንድ የድሬዳዋ ነጋዴ ተሸጠ። ሰውዬው ከተማውን አይቶትም አያውቅም። አራት አዲስ ጎማ አስገባ፤ አረንጓዴውን ሰማያዊ አስቀባው፤ ቡሽራን እዚያው ቀጠረው። አንድ ትእዛዝ ብቻ ሰጠው፦ «ያልከፈለ አይሳፈር፤ አባቴም ቢሆን።» ይኸውና! በወሩ መኪናው በሰዓቱ የሚነሣ፣ በሰዓቱ የሚደርስ ሆነ። ግራዝማች ኃይለየሱስ ቲኬት ቆርጠው ሲሳፈሩ ታዩ። አብዱረዛቅ ለጫቱ በኩንታል ከፈለ፤ አላጉረመረመም። በባዕድ መኪና ሁሉም ጨዋ ሆነ። ይህን ያየ ሰው እንዴት አያብድም? ያው መኪና፣ ያው መንገድ፣ ያው ሾፌር፣ ያው ሰው! የከፈሉትን ግማሹን እንኳ አስቀድመው ለራሳቸው ቢከፍሉት ኖሮ፣ ያቺ ልጅ ዛሬ የልጅ እናት ነበረች።

ከሽያጩ ለየባለአክሲዮኑ የደረሰው ለመጥቀስም ያሳፍራል። ዘርፈሽዋል ድርሻዋን ልትቀበል አልሄደችም። ገበያ ግን ወጣች፤ መብላት አለ። ቅቤ ታሸታለች፣ ትገዛለች፣ ትሸጣለች። «ወጥ ሥሪበት» ማለቱን ትታለች፤ ድንች ያለበትን ዝም ብላ ትመልሳለች።

በዓመቱ ግንቦት፣ ለልጇ ሙት ዓመት ቦኬ መሄድ ነበረባት። ሐሙስ ጠዋት ከሰማያዊው መኪና በር ደረሰች። ቡሽራ ሲያያት ቲኬቱን ወደ ጀርባው ሸሸገ።

«እትዬ ዘርፌ፣ ይግቡ። የእርስዎን እኔ ከደሞዜ እሞላዋለሁ።»

«ሦስት ብር ነው?»

«ይተዉት አልኩ እኮ። በአላህ።»

«ተቀበለኝ!» ብላ ጮኸች። በመኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። ብሩን እጁ ውስጥ ጨመቀችው፤ ጣቶቿ አልለቅ አሉ። «ያን ጊዜ ለምን አልተቀበልከኝም? ለምን በግድ አልነጠቅከኝም? ለምን ከነወረቀቴ አላወረድከኝም?»

ቡሽራ አንገቱን ደፋ።

«ብነጥቅዎ ይሰጡኝ ነበር?»

ዘርፈሽዋል ጣቶቿን ከብሩ ላይ አላቀቀች። ከኋላዋ የተሰለፉት መንገደኞች መቁነጥነጥ ጀምረዋል።

«አልሰጥህም ነበር» አለች። «አስባርርህ ነበር።»

ቲኬቷን ቆረጠላት። ተቀብላ ገባች። መኪናው በሰዓቱ ተነሣ።